የጋሽ ሄራሞ እጅ

ባለፈው ሳምንት መሰላሌን ሸጥኩት። የገዛው ልጅ ዲሽ ገጣሚ ነው። "አባባ ስንት ዓመቱ ነው?" ቢለኝ፣ "የኔን ነው የመሰላሉን?" አልኩት። ሳቀ። እኔ ሰው ሳላስቅ ዕቃ ሸጬም ገዝቼም አላውቅም።

ሥራዬ መጻፍ ነበር። ደራሲ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ እሱን ለተማረ ሰው ትቼዋለሁ። እኔ የምጽፈው ቆርቆሮ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ የመኪና በር ላይ፣ ጨርቅ ላይ ነው። "የሴቶች ፀጉር ቤት"፣ "ጎሚስታ"፣ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው"። ከቁስቋም ቁልቁል እስከ ቀጨኔ ድረስ ቀና ካልክ እኔን ነበር የምታነበው። በዚያን ጊዜ ጉለሌ ውስጥ የኔን ያህል የተነበበ ሰው የለም! ጋዜጣ እንኳ አይስተካከለኝም። ጋዜጣ በማግስቱ ስኳር ይጠቀለልበታል፣ እኔ ግን ዝናብ እስኪያወርደኝ እነበባለሁ።

አሁን በቃ ኮምፒውተር መጣ። ልጆቹ ቁጭ ብለው ሁለት ሦስት ቦታ ጫን ጫን ያደርጋሉ፣ ባነሩ እንደ ምላስ ከማሽኑ ይወጣል። ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ዓይነት ማሽን ኖሮ ቢሆን፣ አሁን የማወራላችሁ ጉድ አይደርስም ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት አጥሩን ለመቀባት ነው። ፊደል የለየሁት ሽሮ ሜዳ ከሱቅ በር ላይ እያነበብኩ ነው፤ አስተማሪ የለ፣ አለንጋ የለ። የመጀመሪያው አለቃዬ ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚረጭ ሰውዬ ነበር። እሱ ያስተማረኝ ሁለት ነገር ነው፦ ቆርቆሮ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና ጥፊ ማምለጥ። ሁለቱንም እስከ ዛሬ እችላለሁ። ከእሱ ጋር ስንጣላ አንዱ "ሽሮ ሜዳ ሄራሞ የሚባል ጽሑፍ ጸሐፊ አለ፣ ረዳት ይፈልጋል" አለኝና ሄድኩ። ደርግ ከገባ ሰንብቷል፤ ከተማው በሙሉ በመፈክር ያበደበት ሰዓት ነው። ለኛ ሥራ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም።

ጋሽ ሄራሞ ሆሳዕና አካባቢ ተወልደው ያደጉ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔ አሥር ቃል ስናገር እሳቸው አንዱን ገና እየመረጡ ነው። ሱቃቸው ከመንገዱ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፣ ቤታቸው ከኋላዋ።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። ባዶውን ቆርቆሮ ካቆሙ በኋላ መንገዱን ተሻግረው ማዶ ይቆማሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ምንም ያልተጻፈበትን ነገር ያነባሉ። አላፊ አግዳሚው "ሰውዬው ነካ አድርጎታል" እያለ ያልፋል። "ምን እያዩ ነው?" ስላቸው "ፊደሎቹ ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ነው፣ አትረብሻቸው" ይሉኛል። ከዚያ ይመለሱና ክሩን በጠመኔ ዱቄት ለውሰው፣ አንዱን ጫፍ እኔ አንዱን እሳቸው ወጥረን፣ ጧ! መስመሩ ይወጣል። መጻፍ የሚጀምሩት ደግሞ ከመሃል ነው። እኔ ያን ሰሞን ከመጀመሪያው ፊደል እጀምርና መጨረሻ ላይ ቦታ ያልቅብኛል፤ "ምግብ ቤት" ስጽፍ "ቤት" የምትለው በር ላይ እንደተንጠለጠለ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ጠርዙ ላይ ትቀራለች። "ፊደል እንደ ሰው ነው" ይሉኛል። "'ጠ' ወንበሩን ሞልታ የምትቀመጥ ባልቴት ናት። 'ገ' በአንድ እግሯ ቆማ የምታሳልፍህ ልጅ ናት። መጀመሪያ ባልቴቶቹን አስቀምጥ።"

ከሁሉም የሚታወቁት ግን በአጨራረሳቸው ነው። የፊደሉ እግር ሲያልቅ ብሩሹን ጠመም አድርገው ያነሱታል፤ እግሩ በቢላ እንደተቆረጠ ሸንኮራ ሰያፍ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ የሚጨርስ ሌላ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሳይቀር "ይቺ የሄራሞ እጅ ናት" ይላል። እኔ ታዲያ ብዙም ሳልቆይ ያንን እጅ ልቅም አድርጌ ወሰድኩት። አንድ ቀን እኔ የጻፍኩትን የዳቦ ቤት ሰሌዳ ቆመው እያዩ "ይሄን መቼ ነው የጻፍኩት?" አሉ። ያን ዕለት በደስታ እንጀራ አልበላልህ አለኝ። እኔ ነኝ ያለ ጸሐፊ ሆንኩ ማለት ነው!

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ደንበኛው የሚያጽፈውን ነገር ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ያደርጉታል። የማይጽፉት ነገር ከሆነ በትህትና ይሸኙታል። አረቄ ቤት ለሚከፍተው "ወንድሜ፣ ይሄን ማዶ ያለው ልጅ ያሳምርልሃል" ይሉታል። እኔ "ጋሼ፣ እንጀራችን'ኮ ነው" ስል "እንጀራው የኔ አይደለም፣ የሚሰጠኝ አለ" ብለው ብሩሻቸውን ያጥባሉ። ሁለተኛ አይናገሩም።

ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጓል፣ ስለዚህ በየቤቱ ነው የሚሰበሰቡት፤ አንዱ ቤት የነሱ ነው። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ለምሳ ነው፣ ልቅም ያለውን እውነት ለመናገር። የጋሽ ሄራሞ ሚስት እትዬ ዘነበች ስትሠራ እጅ ያስቆረጥማል። "እርስዎ" ስላት "አሮጊት አደረግከኝ እኮ!" ብላ ስለከለከለችኝ እንደ ታላቅ እህቴ ነበር የምቀርባት። ምሳው በጸሎት ይጀመራል፣ በጸሎት ያልቃል፤ ስሰነብት መሃሉም ይጥመኝ ጀመር። እንግዳ ሰው ከመጣ ልደት ነው ብለን ዳቦ እንቆርጣለን። በዚያ ዓመት አንዲት የጎረቤት ልጅ ስንቴ እንደተወለደች እግዜር ይወቀው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። እኔ በሹክሹክታ መዘመር ቀርቶ ማዛጋት አልችልም፤ እትዬ ዘነበች በክርኗ ጎኔን ትወጋኛለች።

እናቴ ቁስቋም ማርያም ደጅ ያደገች ሰው ናት። ስትሰማ "ልጅሽ ጴንጤ ሆነ ከሚሉኝ ሌባ ሆነ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር" አለች። እኔ ግን አመንኩ። እውነቴን ነው፣ አመንኩ። ጌታ ለኔ ብሎ እንደሞተ ሲገባኝ፣ ያንን የሚያክል ነገር ለኔ ለደምሴ የሚያደርግ መኖሩ ሲገባኝ፣ መሰላል ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ ቀለሙ ነው ዓይኔን የነካኝ ብዬ ወረድኩ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ። "እኔን ቢያስሩኝ እስር ቤቱን በሳቅ ነው የማፈርሰው" እላለሁ። የምጠመቅበት ቀን ተቆረጠልኝ፤ የሚቀጥለው እሁድ።

ጋሽ ሄራሞ ሐሙስ ዕለት ቀለም እያማሰሉ "ደምሴ፣ ጌታን የት ድረስ ልትከተለው ነው?" አሉኝ።

"እስከ ቀራንዮ ነዋ!"

"እሱ ሩቅ ነው" አሉ። "መጀመሪያ እስከ ቀበሌ ብትደርስ ይበቃል።"

ቀበሌው አላስጠበቀንም። በነጋታው አርብ ጓድ ሽመልስ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ሽመልስ ከኔ ጋር ኳስ የተራገጠ የሰፈር ልጅ ነው፣ ቀልዴን ይወዳል። አንደኛው ጠባቂ ጥቅል ቀይ ጨርቅ ተሸክሟል። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ተብሎ ገና ከሰኔ ጀምሮ ከመንገዱ ላይ፣ ከቀበሌው በር ፊት ለፊት የሚሰቀል ነው።

"ምን ይጻፍበት?" አሉ ጋሽ ሄራሞ።

"ከሁሉም በላይ አብዮቱ።"

"እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው።"

ሽመልስ የተደነቀ መስሎት፣ ደረቱን ነፍቶ አነበበው። ጋሽ ሄራሞ ጨርቁን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት፤ ከዚያ አጥፈው መለሱለት።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ 'ኢትዮጵያ ትቅደም' በሉኝ፣ እጽፋለሁ። አገሬን እወዳለሁ። የመሠረተ ትምህርቱን ሰሌዳ ሁሉ በነፃ ነው የጻፍኩት። ይቺን ግን አልችልም።"

"ለምን?"

"ከሁሉም በላይ የሚለው ቦታ ተይዟል።"

ሽመልስ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። "ማን ያዘው?" አለ።

"አንተም ታውቀዋለህ። እናትህ ስትምል ስሙን ትጠራለች።"

ጠባቂው ጠመንጃውን አስተካከለ። ሽመልስ ወደኔ ዞረ። "አንተስ ደምሴ? አንተም ከነዚህ ጋር ነህ አሉ። ጴንጤ ነህ?"

ቀራንዮ ከፊቴ ነበረች እንግዲህ። ሁለት ክንድ አትሆንም። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ?

"ኧረ ጓድ፣ እኔ ብሩሽ ነኝ! የያዘኝ ሰው የፈለገውን እጽፋለሁ እንጂ ብሩሽ ሃይማኖት አለው እንዴ?"

ሽመልስ በሳቅ ፈረሰ። ጠባቂዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የራሴ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ጋሽ ሄራሞ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ብሩሻቸውን በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አጠቡ፣ ፀጉሩን በጣታቸው አሾሉና በቦታው አጋደሙት፤ ከዚያ "እሺ፣ እንሂድ" አሉ። ይዘዋቸው ሄዱ። ቀዩ ጨርቅ እኔ እቅፍ ውስጥ ቀረ።

ጻፍኩት። ቅዳሜ ዕለት፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ። የሚያሳፍረኝ መጻፌ ብቻ አይደለም። ፈርቼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ጽፌው ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ከመሃል ጀምሬ ባልቴቶቹን ሳስቀምጥ፣ ነጩ ቀለም ቀዩ ላይ ሲወጣ፣ ደስ አለኝ። ረሳሁት። እያፏጨሁ ነው የጨረስኩት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እንደ እሱ ያማረ የለም። እግሮቹን ደግሞ አንድ በአንድ ሰያፍ አድርጌ ቆረጥኳቸው።

እሁድ ተሰቀለ። መጠመቂያዬ እሁድ ማለት ነው።

ሰው ቀና ብሎ አየና ምን አለ? "ሄራሞ ጻፈው!" አለ። ሌላ ምን ይበል? እጁ የሳቸው ነው። እኔ መሰላሉን የሚይዝ፣ የሚያስቅ ረዳት ነኝ፤ እኔ እንደዚያ እንደምጽፍ ከሱቋ ውጪ ማን ያውቃል? ምእመናኑም በየተራ እያለፉ አዩት። አንዱ "ከጻፈ ለምን አይፈቱትም?" ሲል ሌላው "ስማችንን እስኪያወጣ ነዋ" አለ። በቃ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እትዬ ዘነበች ቤት የሚመጣ ሰው ጠፋ። መንገድ ላይ ሲያገኟት እንኳ አንገታቸውን ይደፋሉ። የተሸነፈ ሰው ሚስት ሆነች።

እሷስ? እሷም አመነች። የቤታቸው በር ላይ ከሠርጋቸው ጀምሮ በጋሽ ሄራሞ እጅ የተጻፈ ጥቅስ አለ። ቀን በቀን ያየችው እጅ ነው፤ እንዴት ትሳሳት?

ቀበሌው ጋሽ ሄራሞን ማንም እንዲያያቸው አልፈቀደም። ምሳ የማስገባው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሽመልስ አንድ ቀልድ ጣል አደርግና በሩ ይከፈትልኛል። ቀልዴ ለዚያ ጠቀመ፣ እሱንም ልደብቅ አልፈልግም። ክፍሏ ትንሽ መስኮት አላት፣ መስኮቷ ወደ መንገዱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ጋሽ ሄራሞ ልክ ባዶ ቆርቆሮ እንደሚያዩት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ጨርቁ ፊት ለፊታቸው ነው።

"ማን ነው የጻፈው?" አሉ፣ ሳይዞሩ።

"ከፒያሳ ሰው አምጥተው ነው።"

ለሳቸው! ለዚያውም ብሩሽ አያያዝ ላስተማሩኝ ሰውዬ እንዲህ መዋሸት!

"ጥሩ እጅ አለው" አሉ። "'በላይ' ላይ ክፍተቱን አሳምሮታል።" ከዚያ ዞር አሉና "'አብዮቱ' ላይ ግን ቸኩለሃል" አሉኝ።

የያዝኩት ምሳ ዕቃ ከበደኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት "አምጣው፣ ይቀዘቅዛል" ብለው ተቀበሉኝ። ጸለዩ፣ በሉ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ሲጨርሱ ዕቃውን ከደኑና "ሰው የኔ መስሎታል አይደል?" አሉ።

"አዎ።"

"ዘነበችም?"

የምሳ ዕቃውን ክዳን ማጥበቅ ጀመርኩ።

"ሌላውን ተወው" አሉ። "ለሷ ንገራት።"

"ዛሬውኑ እነግራታለሁ ጋሼ!"

አልነገርኳትም። በማግስቱም አልነገርኳትም። ምሳውን ልቀበል ስሄድ ልነግራት እዘጋጃለሁ፤ እሷ ዕቃውን ትሰጠኛለች፣ "ደህና ነው?" ትለኛለች፣ "ደህና ናቸው" እላታለሁ፤ ከዚያ ሳላስበው ቀልድ ያመልጠኛል። ስትስቅ ደግሞ እንዴት አድርጌ ልንገራት? በኋላ በኋላ መሳቋንም ተወች፣ "ደህና ነው?" ማለቷንም ተወች። ዕቃውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣልኝ ትገባለች። ጋሽ ሄራሞ በየቀኑ ዓይኔን ያዩኛል፤ እኔ መስኮቱን አያለሁ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ክረምቱ እንዲህ እያለ ገፋ።

አንድ እሁድ ጠዋት የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ ለስብሰባ ተጠራ። ሽመልስ በጴንጤነት የተጠረጠሩትን አንድ በአንድ ወደ ፊት አወጣቸው። ግራ እጃቸውን አንስተው "ከሁሉም በላይ አብዮቱ" እንዲሉ። ከግቢው በር ላይ ጨርቁ ይታያል፤ በጣቱ አሳየ።

"መሪያችሁ ሄራሞ በእጁ የጻፈው ነው። እናንተ ከእሱ ትበልጣላችሁ?"

የመጀመሪያው ሰውዬ ሸማኔ ነው፣ ጸሎት ላይ ከኔ ጎን የሚቀመጥ፣ ከሁላችን የበረታ። ጨርቁን አየው። ብዙ ነው ያየው። ከዚያ ግራ እጁ ቀስ እያለ ወጣ። ሁለተኛዋም አየችው፣ እጇን አነሳች። ሦስተኛው ሳያይ አነሳ። እኔ ሕዝቡ መሃል ነበርኩ። የእያንዳንዳቸው እጅ ሲወጣ የሚያወጣው የኔ እጅ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት!" ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ ሦስት ቃል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የምውለው ሰውዬ ሦስት ቃል አጣሁ።

እትዬ ዘነበች ተጠራች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

"በይ፣ የባልሽን ጽሑፍ አንብቢልን" አላት ሽመልስ። አንዳንዱ ሳቀ።

ጨርቁን ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ የነበረውን አልረሳውም፤ ሰው የሞተበትን ቤት እንደምታይ ነው ያየችው።

"እሱ ይጻፈው" አለች። "እኔ አልለውም።"

"ምን አልሽ?"

"እሱ ቢጽፈውም እኔ አልለውም።"

ሽመልስ በጥፊ መታትና ጠባቂዎቹ እየገፈተሩ ወሰዷት። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ግራ እጁን አንስቶ እንዲፈክር ታዘዘ። ሁሉም አነሳ፣ እኔም አነሳሁ። ስብሰባው ተበተነ፣ ሰው ይወጣል፤ ጎረቤቴ ክንዴን ነካ አድርጎ "ኧረ አውርደው፣ አልቋል'ኮ" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሽመልስ ቢሮ ሄድኩ። እሱ ከሁለቱ ጠባቂዎች ጋር ዳማ ይጫወታል።

"ጓድ ሽመልስ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ። ጨርቁን የተውኩልህ እኔ አይደለሁ?"

"ታዲያ ለምን ሄራሞ ጻፈው አልክ?"

"ሰው ነዋ ያለው። ለአብዮቱ የሚጠቅም ወሬ ምን ብዬ ላጥፋ?" ድንጋዩን አንቀሳቀሰ። "ሌላስ?"

"ሌላው፣ እኔም ጴንጤ ነኝ። ያን ቀን ዋሽቼሃለሁ። እሰረኝ።"

ሽመልስ ቀና አለ። አየኝ። ከዚያ ዳማው እስኪገለበጥ ድረስ ሳቀ።

"ሰማችሁት ይሄን ሰይጣን! እሰረኝ ይለኛል!"

"አልቀለድኩም።"

"አልቀለድኩም ሲል ፊቱን እዩት፣ ፊቱን!" አንደኛው ጠባቂ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ነው። "ጴንጤ እንዳንተ ይቀልዳል እንዴ? ሂድ ባክህ፣ ይቺን ለሚስቴ ነው የምነግራት።"

"በእግዚአብሔር ስም!" አልኩት። ይሄማ ጨረሳቸው። በሳቅ እየተንፈራፈሩ ትከሻዬን ይዘው ወደ ውጪ መሩኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አሳቅሁ ብዬ ስኮራ ኖሬ፣ የመጀመሪያዋን ቁም ነገር ስናገር የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። ደጁ ላይ ቆሜ ዝናቡ ሲመታኝ እንኳ ከውስጥ ሳቃቸው ይሰማኛል።

እትዬ ዘነበችን ጥቂት ቀን አቆይተው ለቀቋት። እስከዚያው ምሳ የማበስለው እኔ ነበርኩ፤ ፓስታ፣ ሊጥ የመሰለ ፓስታ። የተፈታች ዕለት ሄድኩ። ጉንጯ ላይ ያለው እብጠት አልጠፋም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ቁጭ በል አላለችኝም፣ ቆሜ ነገርኳት።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ምኑን?"

"ያንን፣ መንገዱ ላይ ያለውን። ጋሼ እምቢ ብለው ነው የታሰሩት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

እጇ ምስሩ ውስጥ ቆመ።

"ሄራሞ ያውቃል?"

"ያውቃሉ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተሰቀለ ጀምሮ። ለሷ ንገራት ብለውኝ ነበር።"

"ንገራት ብሎህ ነበር" አለች፣ ለራሷ እንደምትነግረው ዓይነት። ስድብ ጠበቅሁ። ስድብ ቢሆን እችለዋለሁ፣ ስድብ ላይ መልስ አላጣም። እሷ ግን ምስሩን ትታ "ክረምቱን ሙሉ ባሌን በልቤ ስረግመው ከረምኩ" አለች። "ያንን ምሳ አንድ ቀን እንኳ ሳልረግመው ቋጥሬለት አላውቅም። አንተ ደግሞ ተቀብለኸኝ እየቀለድክ ትወስድለታለህ።" ተነሳች። "ሂድ ከፊቴ።"

ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አድርጋ ከቤት ቤት ዞረች። የሸማኔውን በር አንኳኳች፣ የሁለተኛዋን አንኳኳች፣ ሁሉንም አዳረሰች። "አልጻፈም። ባሌ አልጻፈም" ትላለች። ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት፤ "ማን ጻፈው ታዲያ?" ሲሏት ዞር ብላ ትጠቁመኛለች፣ እኔም "እኔ" እላለሁ። በየበሩ። ሸማኔው ሲሰማ በሩን ዘግቶ ገባ፤ የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ከውስጥ የሚሰማው ግን ልቅሶ ነው።

ጋሽ ሄራሞ የተፈቱት መስከረም ሲጠባ ነው። ለምን እንደፈቷቸውም አልተናገሩም፤ በዚያ ዘመን ምክንያት አይጠየቅም። በማግስቱ ሱቅ ገቡ። ከስተዋል። የመጀመሪያ ቃላቸው "ይሄን ቀለም ማነው ክዳኑን ክፍት የተወው?" የሚል ነው። ከዚያ አንድ ያረጀ ቆርቆሮ አነሱና "አንድ ነገር ጻፍልኝ" አሉ። ስሜን ጻፍኩ። የ"ም"ን እግር ሰያፍ አድርጌ ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ" አሉ። "የራስህ እጅ ይኑርህ። ያኔ ስለምትጽፈው ነገር ሰው አንተን ይጠይቃል።"

ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እግር እንደ ጫማ ሶል ነው፣ አያምርም። ወራት ፈጀብኝ። ጣቴ በራሱ ጠመም ይላል፣ እኔ እመልሰዋለሁ። ግን ጉለሌ ውስጥ የኔ ተብሎ የሚታወቀው ፊደል በመጨረሻ እሱ ሆነ፤ ሰዎች እስኪለምዱት "ደምሴ እጁ ተበላሸ" ይሉ ነበር።

ከዚያ የጥምቀቱ ነገር ተነሳ። እኔ አላነሳሁትም፤ ምን አፍ አለኝ? ጋሽ ሄራሞ ናቸው ያነሱት። ምእመናኑ አንድ በአንድ ተመልሰዋል፤ እትዬ ዘነበች ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልደት ነው ተብሎ ተሰበሰብን። ወንዝ ወርዶ መጠመቅ የሚታሰብ ስላልነበረ ጓዳው ውስጥ በርሜል ቆሟል፣ እስከ አፉ ውሃ የሞላ። እኔ በቁምጣ ከጎኑ ቆሜያለሁ።

ያን ጊዜ አንድ ሥርዓት ነበረን። ሰላይ በምእመን መሃል ይገባል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ለሚጠመቀው ሰው ከተሰበሰበው አንዱ "እኔ አውቀዋለሁ" ብሎ ካልመሰከረ ውሃው ውስጥ አይገባም። ጋሽ ሄራሞ አለቃዬ ስለሆኑ መመስከር አይችሉም፤ የሚያጠምቁትም እሳቸው ናቸው።

"ለዚህ ሰው ማን ይመሰክርለታል?" አሉ።

ሸማኔው መሬት መሬት ያያል። ሌላው ግድግዳ ያያል። በዚያ ጓዳ ውስጥ እኔ ያላሳቅሁት ሰው የለም፤ እኔን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልተገኘም። ጋሽ ሄራሞ አልቸኮሉም። ደግመውም አልጠየቁም። ቁምጣዬን ይዤ ልብሴን ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች እትዬ ዘነበች፣ ከበሩ ጋ።

ሁሉም ዞረ።

"ውሸታም ነው" አለች። "ፈሪ ነው። ክረምቱን ሙሉ ባሌን ገድሎብኝ ነበር። አሁንም ሳየው ደሜ ይፈላል፣ ይቅር አልኩት ብዬ አልዋሽም። ግን ማንም ሳያስገድደው ራሱ መጥቶ ነግሮኛል፣ በየበሩም ተከትሎኝ አፍሯል። እመሰክርለታለሁ።"

ጋሽ ሄራሞ አዩኝ። እኔ ቀና ብዬ ቁምጣዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"ምን ትገተራለህ?" አለችኝ። "ግባ እንጂ! ይሄን ውሃ ከቦኖ ያመላለስኩት እኔ ነኝ።"

ገባሁ።